በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን

የሆርሞን ምክር ከታማሚ ወደ ታማሚ
የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ታይሮይድ ሆርሞንና ታማሚዎች እርስ በርስ ስለሚለዋወጡት ምክር ነው። አንድ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ተሰባስበው ይጠያየቃሉ፣ ይጽናናሉ፣ መድኃኒት የሚገኝበትን ፋርማሲ ይጠቋቆማሉ። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምክር የትኛው ይወሰዳል? የትኛውስ ተሰምቶ ይታለፋል?

አንድ መልእክት እናሰማችሁ። ለትምህርት እንዲሆነን እኛው ያሰናዳነው ነው፤ የማንም ሰው የግል ታሪክ አይደለም። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ያላችሁ ግን አዲስ አይሆንባችሁም።

ድምፅ፦ «ሰላም እህቶቼ። ዕድሜዬ 34 ነው። እንቅርት አለብሽ ተብዬ ኪኒን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ድካሙ አልለቀቀኝም፤ ፀጉሬም እየረገፈ ነው። ቀጠሮዬ ገና ነው። ምን ላድርግ? የደረሰባችሁ መልሱልኝ።»

አቅራቢ፦ ብዙም ሳይቆይ መልሱ ይጎርፋል።

ድምፅ፦ «ውዴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝን ቢጫዋን መውሰድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ሰው የሆንኩት። መጠኑን ጨምሪው።»

ድምፅ፦ «የኔ እህት፣ ይሄን ኪኒን አንዴ ከለመድሽው ዕድሜ ልክሽን ነው። ተይው። የአዮዲን ጠብታ አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርጊኝ።»

ድምፅ፦ «ለፀጉርሽ ባዮቲን ውሰጂ። እኔን በጣም ነው የረዳኝ።»

ድምፅ፦ «ኪኒኑን የምትውጪው ስንት ሰዓት ነው? ከቡና ጋር ነው እንዴ?»

አቅራቢ፦ ከአራቱ መልሶች ሦስቱ ይህችን ሴት ሊጎዷት ይችላሉ። አንዱ ምናልባት ችግሯን ይፈታላታል። የቱ እንደሆነ እስኪ ገምቱ፤ እኛ ደግሞ በቅድሚያ የታይሮይድ ዕጢ እንዴት እንደሚሠራ እንንገራችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧን ከፊት አቅፎ የሚገኝ ዕጢ ነው። ከምግብና ከጨው የምናገኘውን አዮዲን እየተጠቀመ ቲ-ፎርና ቲ-ስሪ የተባሉትን ሆርሞኖች ያመርታል። ቲ-ፎር በውስጡ አራት፣ ቲ-ስሪ ሦስት የአዮዲን አቶሞች አሏቸው፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ፣ ቆዳና ፀጉር፣ ስሜታችን ሳይቀር የእነዚህ ሆርሞኖች እጅ አለበት።

የሆርሞኑን መጠን የምትከታተለው አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። ቲኤስኤች የተባለውን ሆርሞን እየላከች ታይሮይድን ታዛለች። ታይሮይድ ሲደክም፣ ጆሮው ለከበደ ሰው ጮክ ብለን እንደምንናገረው ሁሉ፣ ፒቱታሪም ቲኤስኤችን ትጨምራለች። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ካለ የታይሮይድ ሆርሞን አንሷል ማለት ነው፤ ቲኤስኤች በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሆርሞኑ በዝቷል። ውጤታቸውን ያዩ ብዙ ሰዎች «ሆርሞኔ ከፍ አለ» ብለው ተቃራኒውን የሚረዱት እዚህ ላይ ነው። ለአዋቂ ሰው አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ያለውን ልክ ነው ይላሉ፤ በእርግዝና ጊዜ መለኪያው ይለያል።

እንቅርት የምንለው የዕጢውን ማበጥ ነው። ያበጠ ዕጢ ሆርሞን ሊያንሰው ይችላል፤ ሊበዛበት ይችላል፤ ልክም ሊሆን ይችላል። ሁለት ጎረቤታሞች አንገታቸው ላይ እኩል እብጠት ኖሯቸው፣ አንዷ ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን ስትወስድ ሌላዋ ሆርሞን የሚቀንሰውን ፕሮፒልታዮዩራሲል፣ በተለምዶ ፒቲዩ የሚባለውን፣ ልትወስድ ትችላለች። መድኃኒት ቢቀያየሩ የሁለቱም ሕመም ይብሳል። ምልክቶቹም ያሳስታሉ። ድካምና የፀጉር መርገፍ ሆርሞን ሲያንስም ሲበዛም ይመጣሉ፤ በደም ማነስም ይመጣሉ። እንግዲህ «እንቅርት አለብኝ፣ ይደክመኛል» ያለችን ሴት «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ» ማለት ቀላል ነው፤ እንደ እሷ መሆናችንን የሚያረጋግጠው ግን የደም ምርመራ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መልሶቹ እንመለስ። የመጀመሪያዋ መካሪ «ጨምሪው» አለች።

ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው። ከተዋጠው መጠን ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ መጠኑ ከተጀመረ ወይም ከተለወጠ በኋላ ቲኤስኤች ረግቶ እስኪታይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። የጠያቂያችን ቀጠሮ «ገና» የሆነው ለዚህ ይሆናል፤ በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒቱ ሥራውን አልጨረሰም። በዚህ መሀል በራሷ ብትጨምር ሐኪሟ በቀጠሮው ቀን የሚያየው ውጤት እሱ ያዘዘውን መጠን አይነግረውም።

መጠኑም ከሰው ሰው ይለያያል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ወይም ፈጽሞ ሥራ ያቆመበት ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ያስፈልገዋል። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 80 ማይክሮግራም፣ 80 ኪሎ የምትመዝን ደግሞ 128 ገደማ ማለት ነው። ዕጢዋ በከፊል የሚሠራላት ሴት ከዚህ ያነሰ ይበቃታል። አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ብዙውን ጊዜ በ12.5 ወይም በ25 ጀምረው ቀስ እያሉ ነው የሚጨምሩት። ከልክ ያለፈ ሆርሞን የልብ ምትን ያዛባል፤ ሲቆይም አጥንትን ያሳሳል። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የሚወሰደውም መዘዙ ይኸው ነው።

«ቢጫዋ» የምትለውንም አንርሳት። በአሜሪካ የሌቮታይሮክሲን ኪኒን በቀለም ይለያል፤ 25ቱ ብርቱካንማ፣ 50ው ነጭ፣ 100ው ቢጫ ነው። በሌሎች አገሮች ከሚመረቱት ብዙዎቹ ግን መጠናቸው ምንም ይሁን ምን ነጭ ናቸው። በሰው የተላከች፣ ከዕቃዋ ወጥታ በወረቀት የተጠቀለለች ኪኒን መጠኗን አትናገርም። ሌላም አለ፤ አንዱ ካርቶን ላይ 100 ማይክሮግራም ተብሎ የተጻፈው ሌላው ላይ 0.1 ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ናቸው። ቁጥሩን ብቻ ተናግሮ መለኪያውን መተው ትልቅ ስህተት ያስከትላል።

በላቦራቶሪ ውጤትም ይኸው ይደርሳል። ዋሽንግተን ያለችው እህት «የእኔ ፍሪ ቲ-ፎር 1.2 ነው» ትላለች፤ ስቶክሆልም ያለችው «የእኔ እኮ 15 ነው» ብላ ትደነግጣለች። የሁለቱም ሆርሞን እኩል ነው። አንደኛው በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላኛው በፒኮሞል በሊትር ስለተለካ ነው ቁጥሩ የተራራቀው። የራሳችሁን ውጤት ማስተያየት ያለባችሁ እዚያው ወረቀት ላይ ከጎኑ ከታተመው መደበኛ ልክ ጋር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛዋ «ተይው፣ ዕድሜ ልክሽን ነው» አለች፤ ጠብታም ልትሸጥ ፈለገች።

ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል ያስፈራል፤ እናውቃለን። ግን አንድ ታሪክ ስሙ። ጆርጅ ሙሬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1891 ታይሮይዷ ለደከመባት የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ሰጣት። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም መድኃኒት አልነበረውም። ሴትዮዋ ሕክምናዋን ሳታቋርጥ እስከ 74 ዓመቷ ኖረች። ዕጢው ሥራ ካቆመ ሰውነት የሚያጣውን ሆርሞን መልሶ መስጠት ሱስ ማስያዝ አይደለም። ለአንዳንዶች፣ ለምሳሌ ከወሊድ በኋላ ለሚታወኩ፣ ጊዜያዊ ሊሆንም ይችላል፤ ይቁም የሚለውን ግን የሚወስነው ምርመራ ነው።

አዮዲንን በተመለከተ፣ አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ እርጉዝና አጥቢ እናት 250 ይበቃቸዋል። በአገራችን ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። እንግዲህ አስቡት፤ ሉጎል የሚባለው ባለ 5 በመቶ የአዮዲን ፈሳሽ አንዲት ጠብታው ብቻ ስድስት ሚሊግራም ገደማ ይዛለች። ይህ የቀኑ ፍላጎት 40 እጥፍ ነው። ለዓመታት አዮዲን ያነሰውና ጉብታ ያለበት እንቅርት ድንገት ይህን ያህል ሲያገኝ ሆርሞን አብዝቶ ሊያመርት ይችላል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ጭራሹኑ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይኼኔ ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከርጥበት አርቆ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይበቃል።

ሦስተኛዋ ባዮቲን አለች። ባዮቲን የቫይታሚን ዓይነት ነው፤ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ ይሸጣል። በቀን የሚያስፈልገን 30 ማይክሮግራም ሲሆን ለውበት የሚሸጠው ግን 5,000 ወይም 10,000 ይይዛል። ችግሩ ያለው ላቦራቶሪው ላይ ነው። በአንዳንድ የምርመራ ዘዴዎች ባዮቲን ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲ-ፎርን በሐሰት ከፍ አድርጎ ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚህ አስጠንቅቋል። ሐኪሙ ያንን ውጤት አይቶ ሆርሞን በዝቶብሻል ብሎ መጠኑን ቢቀንስባት የሴትየዋ ድካም ይብሳል። ባዮቲን የምትወስዱ ቢያንስ ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት አቁሙ፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ።

አራተኛዋስ? እሷ መጠን አላዘዘችም፤ መድኃኒት አልሸጠችም፤ ጥያቄ ጠየቀች። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ቁርስና ቡና ከመቅመሳችን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው የሚወሰደው። ከቡና ጋር ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ አራት ሰዓት መራቅ አለባቸው። ጠዋት ስኒዋን ይዛ ኪኒኗን የምትውጥ ሴት፣ መጠኑ ቢጨመርላትም እንኳ ላይሻላት ይችላል። በተጨናነቀ ክሊኒክ ይህን የሚጠይቅ ላይገኝ ይችላል። በሕመሙ ያለፈች ሴት ግን ትጠይቃለች።

(አጭር ሙዚቃ)

ከታማሚ ወደ ታማሚ የሚተላለፈው ዕውቀት እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው፤ መድኃኒቱን ከኑሮ ጋር የማስማማት ዕውቀት። ጾመኛዋ ኪኒኗን ማታ ከራቷ ሦስት ሰዓት ቆይታ፣ ልትተኛ ስትል መውሰድ እንደምትችል ሐኪሟን ብትጠይቅ ይሻላል የምትላት ሌላ ጾመኛ ናት። በረመዳን ከስሁር ጋር እንዴት እንደሚስማማ የሚያውቀው ያንን ጾም የጾመ ነው። በጾም ወራት የአኩሪ አተር ወተት ከኪኒኑ ጋር እንዳይገጣጠም የሚያስታውስም እንዲሁ። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ፣ ለሐኪም የምትወጣበት ቀን የሌላት እህት፣ ታይሮይድ በዐረብኛ «ጉድዳ ደረቂያ» እንደሚባል የምትማረው ከቡድኑ ነው። በዚያች ሁለት ቃል አሠሪዋን ታስረዳለች፣ ፋርማሲስት ታናግራለች።

መጠን ግን የተለካው በአንድ ሰው ደም፣ ክብደት፣ ዕድሜና ልብ ነው። ከዚያ ሰው ወጥቶ ለሌላ አይሆንም። የሰው ልምድ ይሰማል፤ የሰው መጠን አይዋጥም።

ታዲያ እንዴት እንጠይቅ? ያቺው ጠያቂያችን እንዲህ ብላ ብትጽፍ ኖሮ፦

ድምፅ፦ «ዕድሜዬ 34፣ ክብደቴ 58 ኪሎ ነው፤ እርጉዝ አይደለሁም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው የተባልኩት። ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ጠዋት ላይ እንዴት ነው የምትወስዱት? በቀጠሮዬስ ሐኪሙን ምን ልጠይቀው?»

አቅራቢ፦ አሁን የሕመሙ ስም ታወቀ፤ መድኃኒቱና መለኪያው ታወቀ፤ የተጀመረበት ጊዜ ታወቀ። ጥያቄውም ጓደኛ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ሆነ። የውጤት ወረቀት ፎቶ ስታስገቡ ስማችሁን፣ የካርድ ቁጥራችሁንና ስልካችሁን ሸፍኑ። አባላቱ መቶ ይሁኑ ሺህ፣ አሠሪያችሁ ወይም አማቻችሁ ከመሀላቸው አለመኖራቸውን አታውቁም።

መልስ ሰጪዎች ደግሞ ከትእዛዝ ይልቅ የራሳችሁን ሁኔታ ንገሩ። የመጀመሪያዋ መካሪ እንዲህ ብትል ምክሯ ትልቅ እርዳታ ይሆን ነበር፦

ድምፅ፦ «ውዴ፣ እኔ ዕጢዬ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ መጠኔ ካንቺ ሊለይ ይችላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ለውጡን ያየሁት ቆይቼ ነው። ደምሽ የሚደገመው መቼ ነው?»

አቅራቢ፦ ቡድን የምታስተዳድሩ ደግሞ ሦስት ነገር ብታደርጉ ብዙ ሰው ታተርፋላችሁ። መጠን ማዘዝን ከልክሉ። በኢንቦክስ መድኃኒት የሚሸጡትን አስወጡ። ሦስተኛው፣ መልስ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ተቋም የሚያስሄዱትን ምልክቶች ከላይ ለጥፉ። ምልክቶቹን አሁን እንነግራችኋለን፤ ብዕር ያላችሁ ጻፉ።

አንደኛ፦ ሆርሞን የሚቀንሱትን ፒቲዩ፣ ካርቢማዞል ወይም ሜቲማዞል የሚወስድ ሰው ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣበት፣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን የነጭ ደም ሴል ምርመራ ያድርግ። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ጠጪ» የሚል ቅን ምክር እዚህ ላይ ነፍስ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፦ እነዚሁን መድኃኒቶች እየወሰዱ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፤ ጉበት ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ተቀምጠው ሳለ ልብ በፍጥነት ወይም በተዛባ ሁኔታ ከመታ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ላይ ሕመም ካለ ወይም ሰውየው ከተቃዠ።

አራተኛ፦ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ከንፈርና ጣት ከደነዘዘ ወይም ጡንቻ ከተኮማተረ፤ ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ እንቅርቱ በፍጥነት ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ።

ስድስተኛ፦ ሆርሞን የሚያንሰው ሰው ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ከመጠን በላይ ካንቀላፋና ሲጠሩት በወጉ ካልመለሰ።

እርግዝናን ለብቻው እናንሣው። «እርጉዝ ሴት ኪኒን አትውጥም» የሚለው ምክር ለሌቮታይሮክሲን ፈጽሞ ስህተት ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለማይችል የእናቱን ነው የሚጠቀመው። የእናትየዋ ፍላጎት እንዲያውም ይጨምራል። ስለዚህ ማርገዛችሁን እንዳወቃችሁ ኪኒኑን ሳታቋርጡ ቶሎ ተመርመሩ። ሆርሞን የሚቀንሱ መድኃኒቶች የምትወስዱ ደግሞ ለማርገዝ ከማሰባችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ካርቢማዞልና ሜቲማዞል በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ በዚያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ፒቲዩ ይመረጣል።

አድማጮቻችን፣ ለዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። የመድኃኒታችሁን ስም፣ መጠኑን ከነመለኪያው፣ መጠኑ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ቀንና የመጨረሻውን የቲኤስኤች ውጤት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከካርዳችሁ ጋር አስቀምጡ። ሐኪም ስትቀይሩ፣ አገር ስትቀይሩ ወይም ድንገት ስትታመሙ ያቺ ወረቀት ከማንኛውም መካሪ ይልቅ ስለ እናንተ በትክክል ትናገራለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን ይዘን እንቀርባለን። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ እናያለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)